ትሬሎ፣ ሺት እና ቴሌግራም ስታገናኙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት እንውሰድ። ደንበኛ በጉግል ፎርም ያዛል፣ ትእዛዙ ጉግል ሺት ላይ ይገባል፣ ከዚያ ዛፒየር (አንዱን ፕሮግራም ከሌላው የሚያገናኝ አገልግሎት) ትሬሎ ላይ (ሥራን በካርድና በዓምድ የሚያሳይ ሰሌዳ) ካርድ ይከፍትና ለሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ይነግራል። ሲሠራ ደስ ይላል። ሲበላሽ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ትሬሎም ሺትም አይደለም፤ አንዱ ለሌላው የሚያቀብልበት ቦታ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት፣ "አለቀ" ማለት ምን እንደሆነ ሳይስማሙ መጀመር። ትሬሎ ላይ "አለቀ" የሚል ዓምድ አለ እንበል። ዲዛይነሯ ዲዛይኑን ስትጨርስ ካርዱን ወደዚያ ትጎትታለች፣ ለእሷ አልቋላ። አውቶሜሽኑ (ዛፒየር ላይ ያዘጋጃችሁት በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ደግሞ ካርዱ እዚያ እንደገባ ለደንበኛው "መጥተው ይውሰዱ" ብሎ ይልካል። ሰውዬው ከሰሚት ሜክሲኮ ድረስ ታክሲ ተሳፍሮ ሲደርስ ቢዝነስ ካርዱ ገና አልታተመም። ሶፍትዌሩ ምንም አላጠፋም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው። "ዲዛይን ጸደቀ"፣ "ታተመ"፣ "ሂሳብ ተከፈለ" ብላችሁ ለያዩት፣ እያንዳንዱን ማን እንደሚያንቀሳቅስም ተነጋገሩ። ዛፒየርን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ደንበኛን በስሙ መለየትም ጣጣ ነው። "ኃይሉ" እና "ሀይሉ" ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ቁጥር ስጡት። በስልክ እንለያለን ካላችሁ ደግሞ ሺት 09 ብሎ የሚጀምረውን እንደ ተራ ቁጥር ያይና ዜሮዋን ይውጣታል፣ ስለዚህ ዓምዱን አስቀድማችሁ ወደ ፕሌን ቴክስት (ተራ ጽሑፍ) ቀይሩት።

ቀንና ሰዓት በጽሑፍ አትቀበሉ። "3 ሰዓት" ብሎ የጻፈው ደንበኛ ጠዋት ማለቱ ነው፣ ማሽኑ ግን ሌሊት 9 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ያስገባው ቀንም እንደ ፈረንጆቹ 2018 ይነበብና ሥራው ሳይጀመር ትሬሎ ቀኑ አልፏል ብሎ ቀይ ያበራል። ቀኑ ከካሌንደር ይመረጥ፣ አጠገቡም "በፈረንጆች" ብላችሁ ጻፉበት። ለሰዓቱ "ጠዋት" እና "ከሰዓት" የሚል ምርጫ ብቻ ይበቃል። የሺቱን ታይምዞንም ጂኤምቲ+3 ላይ አድርጉት።

ሺት ሲቀየር ትሬሎ፣ ትሬሎ ሲቀየር ሺት ይቀየር ካላችሁ ሁለቱ እርስ በርስ እየቀያየሩ ሲሯሯጡ ያድራሉ። አንዱን ዋና አድርጉ፣ በቃ።

ካርድ በተነካ ቁጥር ግሩፑ ላይ መልእክት መርጨትም ይቅር። ሰው ሚዩት ያደርገዋል፣ አስቸኳዩም አብሮ ይታፈናል።

ሌላው፣ ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ ሁሉንም በራሱ ጂሜይል ያገናኛል። ልጁ ሥራ ይለቃል፣ አካውንቱን ከዛፒየር ያላቅቃል፣ ቢሮው ይቆማል። የቢሮ ኢሜይል ተጠቀሙ። ግሩፑ ላይ መልእክት የሚልከውን የቴሌግራም ቦት ቶክን (የይለፍ ቁልፉን) የያዘ ሰውም ቦቱን እንደፈለገ ያዘዋል፤ ልጁ ሲሄድ ከቦትፋዘር (ቴሌግራም ላይ ቦቶች የሚከፈቱበት ቦት) አዲስ ቶክን አውጡ።

ነጻው ይበቃናል ብላችሁም አትዘናጉ። ዛፒየር በነጻ የሚፈቅደው በወር 100 ታስክ ነው። ካርድ መክፈት አንድ፣ ቴሌግራም መላክ አንድ፤ 50 ትእዛዝ ላይ አበቃ። ከዚያ ግሩፑ ጸጥ ይላል፣ እናንተም ገበያ ጠፋ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ክፍያው በዶላር ነው፣ አገር ቤት ላለ ቢሮ ደግሞ ያ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ኤን8ኤን (እንደ ዛፒየር ፕሮግራሞችን የሚያገናኝ ሶፍትዌር) በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ሲጫን በታስክ አያስከፍልም፤ ግን ሰርቨሩን የሚከታተል ሰው ከሌላችሁ ባትነኩት ይሻላል። የቱንም ብትመርጡ፣ ሲበላሽ የሚመጣውን ኢሜይል የሚያይ አንድ ሰው ዛሬውኑ መድቡ፣ ጠዋት ጠዋትም የሺቱን የመጨረሻ ረድፍ ከትሬሎው ካርድ ጋር ያስተያይ።