የራዲያተሩን ቁልፍ አትነካኩ

ከደብረ ብርሃንም ይምጣ ከመሐል ሜዳ፣ አዲስ ገቢው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ራዲያተሩ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የቤት ማሞቂያ፣ ለብ ብቻ ይላል፣ ተበላሽቶ ነው?» አልተበላሸም። እዚህ እንግሊዝ የገባችሁበት ቤት የሚሞቀው በጋዝ ሳይሆን በሂት ፓምፕ ከሆነ፣ ለብ ማለቱ ጤናው ነው።

ሂት ፓምፕ ከውጭ አየር ሙቀት ሰብስቦ በራዲያተሮቹ ውስጥ ለሚዞረው ውሃ ይሰጣል። ደህና ሲሠራ በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ያህል ሙቀት ያወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ውሃው ከ35 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ውሃው በጋለ ቁጥር ትርፉ ይቀንሳል።

እኔን ያስከፈለኝን ልንገራችሁ። አከራዩ የሰጠኝ ወረቀት «የማትጠቀሙበትን ክፍል ራዲያተር ዝጉ» ይላል። የጋዝ ዘመን ምክር! ከሳሎኑ በቀር ሁሉንም ዘጋሁ። የተዘጉት ክፍሎች በግድግዳና በበር በኩል የሳሎኑን ሙቀት ይመጥጡታል። አንዱ ራዲያተር የቤቱን ሁሉ ሸክም ስለተሸከመ ሳሎኑ አልሞቅ አለ። ስለዚህ የውሃውን ሙቀት ከፍ ማድረግ መጣ። የሚዞረው ውሃ ስላነሰ ደግሞ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይጠፋል። ቢሉ ሲመጣ ያማል። ለአከራዩ ብደውል «ቅጽ ሙላ» አሉኝ። በስንት ጉትጎታ የመጣው ሠራተኛ ውጭ ያለውን የማሽኑን ሳጥን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ሄደ። የራዲያተሮቹን ቁልፍ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ስለዚህ የምትኖሩበትን ክፍል ሁሉ ክፈቱ። ቴርሞስታቱ (የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረው) ያለበት ክፍል የራዲያተር ቁልፍ እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ሁለት አዛዥ አያስፈልግም። ቁልፉ ላይ ያለው ቁጥር የክፍሉ ሙቀት ገደብ ነው፤ 3 ማለት 20 ዲግሪ ገደማ ነው። 5 ላይ ብታደርጉት ቶሎ አይሞቅም፣ ስንቴ ልናገር! መኝታ ቤቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ማሽኑ የውሃውን ሙቀት እንደ ውጭው አየር የሚያስተካክልበት ቅንብር አለው። ካልተከፈተ አስከፍቱ። ጠዋት አጥፍታችሁ ማታ 25 ላይ አትስቀሉት፤ መጠባበቂያው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከተነሳ 1 ከፍላችሁ 1 ነው የምታገኙት።

«የሸዋ ልጅ ብርድ አይበግረውም» እያላችሁ ራዲያተሩ ላይ ጋቢ የምታሰጡም ተዉ፣ ሙቀቱን ያፍነዋል። በውርጭ ጠዋት የውጩ ሳጥን ቢጨስ እሳት አይደለም፤ የያዘውን በረዶ እያቀለጠ ነው።

አከራይ በስልክ ካመላለሳችሁ በኢሜይል ጻፉ። የውሃውን ዲግሪና የቆጣሪውን ፎቶ አያይዙ።