የስፕሪንክለር መዝጊያ ቫልቭ ሲያንጠባጥብ

የግቢ ማጠጫ ስፕሪንክለራችሁን ውሃ የሚዘጋው ቫልቭ ስር ውሃ ስላያችሁ ብቻ አዲስ ልትገዙ አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንዲት ዳዶ መላላት ነው። ውሃ ግን ያሳስታል፤ ከላይ ወጥቶ፣ አካሉን ተከትሎ ወርዶ፣ ታች ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ቫልቩን በጨርቅ አድርቁትና ደረቅ ሶፍት ከላይ ጀምራችሁ ቦታ በቦታ አስነኩት። ሶፍቱ መጀመሪያ የራሰበት ቦታ ነው ምንጩ። ቫልቩም ቧንቧውም እኩል ከወዙ ግን የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ተጠራቅሞ ነው፤ የሚጠገን ነገር የለም።

ከእጀታው ስር ይወጣል

በተለይ እጀታውን ስታዞሩት የሚብስ ከሆነ፣ ዘንጉን ከቦ ውሃ የሚይዘው ማሸጊያ ደርቋል ወይም አልቋል። በክብ እጀታ የሚዞረው ጌት ቫልቭ ላይ በጣም የተለመደ ነው። ከእጀታው ስር ያለችውን ዳዶ ፈልጉ። በአንድ ኪያቤ የቫልቩን አካል ያዙ፣ በሌላው ዳዶዋን ወደ ቀኝ የሙሉ ዙር 1/8 ያህል ብቻ አጥብቁ። ጥረጉና እዩ። ካላቆመ ያንኑ ያህል ድገሙ። እጀታው አልዞር ማለት ከጀመረ ከልክ በላይ አጥብቃችኋል፤ ዳዶዋን ትንሽ መልሷት።

በዚህም ካልተሻለው ማሸጊያው ይቀየር። ቫልቩን ራሱን መዝጋት አይበቃም፤ ከሱ በፊት፣ በቆጣሪው በኩል ያለውን መዝጊያ ዝጉ። አንድ መስመር ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ። እጀታውንና ዳዶዋን ፍቱ፣ አሮጌውን ማሸጊያ ለቅማችሁ አውጡ። አዲሱን የግራፋይት ወይም የቴፍሎን ገመድ ዳዶዋ በምትጠብቅበት አቅጣጫ ዘንጉ ላይ ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት ስታጠብቁ ይፈታል።

ከመጋጠሚያው ጥርስ ይወጣል

ውሃውን ዘግታችሁ ፍቱት፣ የድሮውን የቴፍሎን ቴፕ ከጥርሱ አጽዱ፣ አዲስ ከ3 እስከ 5 ዙር ጠምጥማችሁ መልሱ። ፕላስቲክ ከሆነ ጉልበት ይቅርባችሁ፣ ይሰነጠቃል። ከውጭ ሲሊኮን መለቅለቅ ደግሞ ድካም ብቻ ነው፤ ግፊቱ ገፍቶ ያወጣዋል።

መስመሩ ጠፍቶም ስፕሪንክለሩ ያንጠባጥባል

ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለው ብቻ ለጥቂት ጊዜ አንጠባጥቦ ካቆመ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፤ ተዉት። የማያቆም ከሆነ መዝጊያውን ቫልቭ ዝጉት። የቀረው ውሃ ወርዶ ካበቃ በኋላ ካቆመ፣ ጥፋተኛው መስመሩን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ ነው። ፍቱትና ውስጡ ያለችውን ጎማ እዩ፤ በደንብ እንዳትዘጋ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃታለች። መዝጊያው ተዘግቶም ከቀጠለ ግን መዝጊያው ራሱ አይዝም። ጌት ቫልቭ ከሆነ ቆሻሻ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ጊዜ ክፈቱ ዝጉት። በግድ አትጠምዝዙት፣ ዘንጉ ይቆረጣል። እንቢ ካለ ረጅም እጀታ ባለው ቦል ቫልቭ ቀይሩት። ሩብ ዙር ብቻ ስለሚዞር መከፈት መዘጋቱም በዓይን ይታያል።

አካሉ ተሰንጥቋል

ውስጡ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን የሚመጣ ነው። ይህ ጥገና የለውም፤ ይቀየራል። ብርዱ ከመግባቱ በፊትም መስመሩን አፍስሱ።

የትኛውንም ጥገና ስትጨርሱ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ድንገት ከተለቀቀ ቧንቧውን ይመታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶፍቱን ድገሙት።