ትራንስ ሴት ጓደኛችሁ ላይ ኦንላይን ሲዘመት እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰሩ

ጓደኛዬ ትራንስ ሴት ናት፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች ሴት፣ ስሟን እዚህ አልጠራም። አንድ ማታ ትራንስ ሴቶች ስራ ቅጥር ላይ ስለሚደርስባቸው አድልዎ የሶስት ደቂቃ ቪዲዮ ለቀቀች፣ እኛም ላይክ አድርገን ጎበዝ ብለናት ተኛን። ጠዋት ቤቷ ስሄድ ስልኳን ትራስ ስር ቀብራዋለች ግን ንዝረቱ ከትራሱ ስር ይሰማል፣ አያቋርጥም፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እሱን ብቻ ታዳምጣለች። የዛን ቀን እናግዛት ብለን የተሯሯጥነው ሰዎች ከሰራነው ግማሹ ነገሩን አባባሰው። ክፉ ስለሆንን አይደለም፣ ስለማናውቅ ነው። ከዛ ወዲህ ደጋግሜ አብሬያት አልፌበታለሁ፣ ሌሎች ትራንስ ሴቶች ላይም ሲደርስ አይቻለሁ፣ አጠገባቸው ያለው ሰው የሚሰራው ስህተት ደግሞ ሁሌ ያው ነው። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለነሱ ሳይሆን ለኛ ነው፣ ለጓደኛ፣ ለእህት፣ ለወንድም፣ ለስራ ባልደረባ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ክርክር መስሏችሁ መግባት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ የቀሩት አብዛኞቹ ከዚህ ነው የሚወለዱት። አንድ ሰው ሀሳቧን ቢቃወም ያ ሌላ ነገር ነው፣ ይቃወም፣ መልስ ይሰጠዋል። ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው አንድ አይነት ፎቶ ሲለጥፍ፣ አረፍተ ነገሩ ከነፊደል ስህተቱ ሲደገም፣ አካውንቶቹን ስትከፍቷቸው ሁሉም ባለፈው ሳምንት የተከፈቱ ሲሆኑ፣ አንድ ቦታ አንድ ግሩፕ ውስጥ ሊንኳ ተጥሎ "ሂዱባት" ተብሏል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሊረዷት አልመጡም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፣ ነገ እንዳትናገር። እናንተ እዛ ኮሜንት ስር ገብታችሁ ለአንዱ አስር መልስ ስትሰጡ ፖስቱ ብዙ ሰው እየተነጋገረበት ነው ተብሎ ይቆጠርና ገና ላላዩት ሰዎች ይላካል። እኔ ራሴ የመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰውዬ ጋር አራት ሰዓት ስከራከር ውያለሁ፣ በአራተኛው ሰዓት ላይ "አመሰግናለሁ ጓደኞቼ ሁሉ አዩት" ብሎኝ ሄደ።

መልስ መስጠት ካለባችሁ አንዴ፣ በራሳችሁ ገጽ፣ ዳር ሆኖ ለሚያነበው ሰው ብላችሁ ስጡ። "በሽታ ነው" ለሚለው ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ስራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ትራንስ መሆንን ከአእምሮ ህመሞች ምዕራፍ እንዳወጣው መጻፍ ትችላላችሁ። ጽፋችሁ ውጡ።

"ዝም ብለሽ እለፊው፣ ስልክሽን ዝጊው"

ይሄን የሚሉት የሚወዷት ሰዎች ናቸው፣ ለዛ ነው የሚያመው። ስልኳ ላይ ስራዋ አለ፣ ሌሎች ትራንስ ሴቶች "እኔም ደርሶብኛል" ብለው የሚጽፉላት እዛ ነው፣ ዝጊው ስትሏት ከነሱም ጋር ነው የምታቆራርጧት። ደግሞ ሁሉም ስድብ እኩል አይደለም። ከሺህ ኮሜንት ውስጥ ሶስቱ የሷን ሰፈር ወይም የምትወጣበትን ሰዓት የሚጠቅሱ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ወይም አንድ ሰው በሶስት የተለያየ አፕ ተከትሏት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ለእናቷ ተጽፎላት ሊሆን ይችላል፣ እነዚህን የሚያነብ ሰው ከሌለ አደጋው ሲመጣ አይታወቅም። እሷ አታንብብ፣ ልክ ነው። ግን ሌላ ሰው ማንበብ አለበት፣ እሱ ሰው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ለማውገዝ ብሎ ስድቡን ሼር ማድረግ

"ይሄን ባለጌ እዩልኝ" ብላችሁ ስክሪንሾቱን ከነአካውንት ስሙ ስትለጥፉ ጥፋቱን እያጋለጣችሁ ይመስላችኋል። የሆነው ግን ትላንት ሀምሳ ተከታይ የነበረው ሰው ዛሬ አምስት ሺህ ሰው ያውቀዋል፣ ስክሪንሾቱ ላይ ደግሞ የቀድሞ ስሟ አለ፣ የድሮ ፎቶዋ አለ፣ እናንተ ባትለጥፉት የማያዩት ሰዎች አሁን አይተውታል። የቀድሞ ስም ለትራንስ ሰው ተራ መረጃ አይደለም፣ በዛ ስም ፈልገው ነው ትምህርት ቤቷን፣ ቤተሰቧን፣ የድሮ አድራሻዋን የሚያገኙት። የግድ ማሳየት ካለባችሁ ስሙንም ፎቶውንም አጥፉ፣ መጀመሪያ ደግሞ እሷን ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ለጥፈን የቀድሞ ስሟን ከራሷ ጓደኛ ገጽ ላይ አነበበችው። ያንን ቀን አልረሳውም።

"አንተ" የሚለውን እንደ ቀላል ማየት

ይሄ የአማርኛችን ጉዳይ ነውና ትንሽ ልቆይበት። በኛ ቋንቋ አንቱ ካላሉ በቀር ጾታ ሳይነኩ የአንድን ሰው ደህንነት መጠየቅ እንኳን ይከብዳል፣ ደህና ነሽ ወይ ደህና ነህ ነው፣ አንድን ሰው አንቺ ወይ አንተ ብለን የምናናግርበት ግስ ሁሉ ላይ አለ። ስለዚህ ሊያቆስላት የፈለገ ሰው ስድብ አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ ከሁለት መቶ በላይ "እንዴት አደርክ ወንድሜ" የሚል ኮሜንት ተደርድሮ አይቻለሁ፣ ሁሉም ከፈገግታ ምልክት ጋር፣ ለማያውቅ ሰው እኮ ሰላምታ ነው። ሪፖርት ስታደርጉት የሚያየው ሲስተምም ሰላምታ ነው የሚያየው። ስለዚህ ማብራሪያ መጻፊያ ቦታ ካለ ይሄ ሰው ሴትን ሆን ብሎ በወንድ አጠራር እየጠራ ነው፣ ይሄን ያህል አካውንት አንድ ላይ እያደረገው ነው ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ፊልተር ላይም ተመሳሳይ ችግር አለ። አብዛኛው አፕ እነዚህ ቃላት ያሉበትን ኮሜንት ደብቅ የሚባልበት ሴቲንግ አለው፣ ግን ማሽኑ ሰ እና ሠን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ አ እና ዐን አንድ ድምጽ መሆናቸውን አያውቅም፣ በአንዱ ፊደል ዘግታችሁ በሌላው ይገባል። አንድን ስድብ በሁሉም አጻጻፉ፣ በፊደሎቹ መሃል ነጥብ ተደርጎም፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም አይነት አስገቡ። አሰልቺ ስራ ነው፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ግን እንደሱ የጠቀማት ነገር አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደጋፊ ሆናችሁም "እሱ/ሷ" ብላችሁ በእዝባር አትጻፉ፣ ላለመሳሳት ብላችሁም ወደ አንቱታ አትሽሹ። እሷ ናት። እሷ በሉ።

ማስረጃ ሳይያዝ ማጥፋት

ደም ሲፈላ የመጀመሪያው ነገር ዲሊትና ብሎክ ነው፣ ይገባኛል። ግን አንዳንድ አፕ ላይ ብሎክ ስታደርጉ የተላከው መልእክት ከናንተም እይታ ይጠፋል፣ ጸሀፊውም ነገ ራሱ ሊያጠፋው ይችላል፣ ከዛ በኋላ ማስፈራሪያው እንደነበረ ማሳየት አትችሉም። መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት፣ በስልክ ብዙ ጊዜ "ከ2 ሰዓት በፊት" ብቻ ስለሚል ያነሳችሁበትን ቀንና ሰዓት ራሳችሁ ጻፉበት። የፖስቱን ሊንክ ለብቻው ኮፒ አድርጉ፣ የፕሮፋይሉንም ሊንክ፣ የሚታየው ስም በአንድ ደቂቃ ይቀየራላ። ስቶሪ ወይ ላይቭ ከሆነ የስክሪን ቪዲዮ ቅረጹ። ይሄን ሁሉ አንድ ሰንጠረዥ ላይ አስገቡ፣ ቀን፣ ሊንክ፣ ምን እንዳለ፣ ሪፖርት ተደርጎ እንደሆነ፣ ምን መልስ እንደመጣ። እና እባካችሁ ይሄን ስራ ለሷ አትስጧት። አንድ ደህና ሰው በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ያንን ነገር ማንበብ አይችልም፣ ተራ ገቡ፣ እኔ በሶስተኛው ቀን እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ የተሰደብኩት እኮ እኔ አይደለሁም።

ሁሉንም በአንድ ምክንያት ሪፖርት ማድረግ

ሰው ሁሉ "የጥላቻ ንግግር" የሚለውን ይጫንና "ደንባችንን አልጣሰም" የሚል መልስ ሲመጣለት ተስፋ ይቆርጣል። ደንቡ ደግሞ ይለዋወጣል። ትዊተር (የአሁኑ ኤክስ) በ2018 ትራንስ ሰዎችን ሆን ብሎ በቀድሞ ስማቸው ወይም በማይሆን ጾታ እየጠሩ ማጥቃትን በግልጽ ከልክሎ ነበር፣ በኤፕሪል 2023 ግን ያንን መስመር በዝምታ አነሳው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታም በጃንዋሪ 2025 ደንቡን ሲቀይር በጾታ ማንነት ምክንያት ሰውን የአእምሮ በሽተኛ ማለት እንዲቻል አድርጓል። ስለዚህ ያላችሁን ይዛችሁ በትክክለኛው በር ግቡ። ዛቻ ከሆነ ዛቻ በሉ፣ ስልክ ቁጥር ወይ አድራሻ ከወጣ የግል መረጃ በሉ፣ በስሟና በፎቶዋ የተከፈተ አካውንት ከሆነ ማስመሰል በሉ፣ እነዚህ በአብዛኛው ከጥላቻው በር ይልቅ ቶሎ ይከፈታሉ። የራቁት ፎቶ ወይም በኤአይ የተሰራ ምስል ከሆነና ዕድሜዋ 18 ከሞላ ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII.org) የሚባል ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የሚሰራ ነጻ አገልግሎት አለ፣ ፎቶው ከስልኳ አይወጣም፣ ከፎቶው የሚወጣ እንደ አሻራ ያለ ኮድ ብቻ ነው የሚላከው፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዛ ኮድ ለይተው ምስሉን ያግዱታል።

ስትከላከሉላት ብዙ ማውራት

"እኔ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ነው ያደገችው፣ አብረን ነው የተማርነው" ብሎ መጻፍ ምስክርነት ይመስላል፣ ለአጥቂዎቹ ግን ካርታ ነው። ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃቸው ክላራ ሶሬንቲ ላይ የደረሰው ያሳያል። ካናዳዊት ትራንስ ሴት ናት፣ ላይቭ ስትሪም በማድረግ የምትታወቅ። በኦገስት 2022 በሷ ስም የሀሰት የግድያ ዛቻ ኢሜይል ተልኮ ፖሊስ መሳሪያ ይዞ ቤቷ ገባ፣ ከዛ ሸሽታ ሆቴል ገባች። ሆቴሉ አልጋ ላይ የተኛች ድመት ፎቶ ለጠፈች። የድመት ፎቶ ብቻ። ከአልጋ ልብሱ ተነስተው ሆቴሉን ለዩት። በኋላ ድረ ገጾችን ከጥቃት የሚጠብቀው ክላውድፍሌር የሚባል ኩባንያ ሲያሳድዷት የነበሩትን ሰዎች ድረ ገጽ በሴፕቴምበር 2022 መጀመሪያ ላይ ዘጋባቸው፣ ግን እሱ የመጣው እሷ አገር ለቃ እየሸሸች ድረ ገጹ እንዲዘጋ ትልቅ ዘመቻ ካደረገች በኋላ ነው።

እና አብራችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ዛሬ አትለጥፉ። ከመስኮቱ ውጪ የሚታይ ህንጻ፣ የበር ቁጥር፣ የስራ ባጅ ሁሉ ይታያል። የራሳችሁን የጓደኞች ዝርዝርም ደብቁት፣ እሷን ሲያጡ ወደናንተ ነው የሚመጡት፣ ፓስወርዳችሁን ቀይራችሁ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) አብሩ፣ ኮዱ ከተቻለ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በአፕ ይሁን።

"ግን እኮ ቆንጆ ናት፣ ሴት ነው የምትመስለው"

ይሄን በጥሩ ልብ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ክብሯ በመልኳ ከሆነ እንደሷ መልክ የሌላቸው ሌሎች ትራንስ ሴቶች ምን ሊሆኑ ነው። በቃ ተዉት።

ሳይጠይቋት ፖሊስ መጥራት፣ ወይም መበቀል

ብዙ ቦታ ለትራንስ ሴት ፖሊስ ጣቢያ መግባት ራሱ ሌላ አደጋ ነው፣ ስሟን፣ መታወቂያዋን፣ አለባበሷን ከመጠየቅ ይጀምራል። መሄድ አለመሄዱን እሷ ትወስን፣ ከሄደች ሰንጠረዡን አትማችሁ አብራችሁ ግቡ። የተሳዳቢውን አድራሻ ፈልጎ ማውጣትም አይሆንም፣ ስም ተመሳስሎ ያልሰራ ሰው ላይ ይወድቃል፣ እናንተ የጻፋችሁትን ዛቻ ደግሞ ስክሪንሾት አድርገው "ደጋፊዎቿን እዩ" ብለው የሷን አካውንት ያዘጉበታል። በአንድ ልጅ አይቻለሁ፣ አካውንቷ የተዘጋው በጓደኛዋ ንዴት ምክንያት ነው።

በመጀመሪያው ቀን መጥቶ መጥፋት

የመጀመሪያው ቀን ስልኩ በ"አይዞሽ" ይሞላል። በሁለተኛው ሳምንት ማንም የለም፣ ተሳዳቢዎቹ ግን አሉ፣ ቁጥራቸው ቀንሶ የከፉት ናቸው የሚቀሩት። "ምን ላግዝሽ" ብላችሁ ጥያቄውን እሷ ላይ አትጣሉ፣ አንድ ነገር ይዛችሁ ቅረቡ፣ ማክሰኞና ሀሙስ ኢንቦክስሽን እኔ አያለሁ፣ ዛሬ ማታ እኛ ቤት እደሪ፣ ነገ ወደ ስራ አብሬሽ እሄዳለሁ። ያ ንዝረት ከቆመ በኋላም ለወራት ስልክ ሲጮህ ትደነግጥ ነበር፣ ያኔ ስለ ዘመቻው ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ሹራብ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ እያወራ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

ሁለተኛውን ቪዲዮ ለመልቀቅ ሰባት ወር ፈጀባት። በዚህኛው ጊዜ ፊልተሩ ቀድሞ ሞልቷል፣ ሰንጠረዡ ተከፍቷል፣ ሶስት ሆነን ሰዓት ተከፋፍለናል፣ ማን መቼ እንደሚያነብ፣ የትኛው አይነት መልእክት ሲመጣ ብቻ እሷ እንደምትቀሰቀስ ተስማምተናል። ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ለቀቀችው፣ ስልኩን ሰጠችኝና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ስልኩ ሳሎን እኔ ጋር አደረ፣ እሷ እስከ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኛች።