ሞትንና የማይታየውን በጎጃም መልክ መሣል

ሞትን እንደ ፈረንጆቹ ማጭድ የያዘ አፅም አድርጎ መሣል ይብቃችሁ። ማጭድ ለጎጃም ሰው የጤፍ አጨዳ ዕቃ ነው፤ ማንንም አያስፈራም። ሞት፣ ጭር ያለ ቦታና የመንፈስ ነገር ልቡን የሚስበው ሠዓሊ እዚሁ አገሩ ላይ ሞልቶ የተረፈው ነገር አለው። የሚያስፈልገው በደንብ ማየት ነው።

ከጮቄ ተራራ ጀምሩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ወፍራም ጋቢም ያዙ፤ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ሲወርድ ጅብራዎቹ ተገትረው ታገኟቸዋላችሁ። ጅብራ የተባለው የደጋ ተክል ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይኖራል፣ ከዚያ በዕድሜው አንዴ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣና ዘሩን በትኖ ይሞታል። የሞተው ግንድ ግን ቶሎ አይወድቅም። ስለዚህ አንድ ሜዳ ላይ ልጁም፣ ያበበውም፣ ሬሳውም አብረው ቆመዋል። ከዚህ በላይ የሞት ሥዕል ከየት ይመጣል?

አሣሣሉ እንዲህ ነው። ወረቀቱን በሙሉ በከሰል አልብሱና ግራጫ እስኪሆን በጨርቅ እሹት። ከዚያ ብርሃኑን በላጲስ እያነሣችሁ አውጡት። ሩቅ ያሉትን ጅብራዎች አስቀድሙ፤ ከጉሙ በጥቂቱ ብቻ ጠቆር ይበሉ፣ ጠርዛቸውንም በጣት አደብዝዙት። ከሰሉን አጥብቃችሁ የምትጫኑት በመጨረሻ፣ ቅርብ ያለው ላይ ብቻ ነው። ግርጌያቸውን ጉሙ ይዋጠው። መሃላቸው ጋቢ የተከናነበ አንድ እረኛ አቁሙ፣ ቁመቱንም ከጅብራዎቹ ጋር እኩል አድርጉት። ተመልካቹ የትኛው ሰው እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ከተቸገረ ሥዕሉ ሠርቷል።

ሌሊት ስትሥሉ ደግሞ ከቱቦ የወጣ ጥቁር አትጠቀሙ፤ የሞተ ቀለም ነው። ጥቁር ሰማያዊን ከቡናማ ጋር ደባልቁት። በጨረቃ ብርሃን ዓይናችን ቀይን ያጣዋል፣ የነጠላው ቀይ ጥለት ጥቁር ይመስላል፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ፈዘዝ ብለውም ቢሆን ይታያሉ። ይህችን ካወቃችሁ ሌሊታችሁ እውነት ይሆናል።

አሁን ወደ መንፈሱ። እዚህ ላይ የሚያስተምሯችሁ የድሮ ሠዓሊዎች ናቸው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡና በመቅደሱ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች ጊዜ ወስዳችሁ እዩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ አጋንንትና ክፉዎች ግን ፊታቸው በጎን ነው፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ሕግ የሚያውቅ ሕዝብ መሃል ነው የምትሥሉት። እንግዲህ ብዙ ለቀስተኛ የተሰበሰበበት ሥዕል ሥሩ፣ ሁሉም ሁለት ዓይን ይኑራቸው፣ ከኋላ የቆመውን አንዱን ብቻ በጎን ሣሉት። ቀንድ አያስፈልግም፣ ጥፍር አያስፈልግም። ያገሬ ሰው ሲያየው ያማትባል። የበላኤ ሰብንም ሥዕል ፈልጉ፤ ያን ሁሉ ሰው የበላውን ሰው ነፍስ በሚዛን ላይ ያዳናት በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። የሥዕሉ ክብደት ሁሉ ያቺ ትንሽ ውኃ ላይ ነው ያረፈው። እኔ ከዚያ የወሰድኩት፣ አስፈሪ ሥዕል ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ትንሽ ነገር መኖር እንዳለበት ነው።

የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ አርኖልድ ቦክሊን «የሙታን ደሴት»ን እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1886 ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ ሣለው። ድንጋያማ ደሴት፣ ረጃጅም ዛፎች፣ ጀልባና ነጭ የለበሰ ሰው፤ በቃ ይኸው ነው። እኛ ደግሞ ጣና ላይ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ አለን። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም፣ ግን ደሴቱ ከጀልባ ሲታይ ለሥዕል ይበልጥ ያመቻል። እንደ ቦክሊን ደጋግማችሁ ሣሉት። አንዴ ንጋት ላይ፣ አንዴ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ አንዴ ታንኳው ባዶ ሆኖ። በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የትኛው እንደሚያስፈራ ራሱ ይነግራችኋል።

ለቅሶ ላይ ግን አደራ። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ስልክም አታውጡ። ሄዳችሁ አልቅሱ፣ አጽናኑ፣ ንፍሮውን ብሉ፣ ቤት ስትመለሱ ያስታወሳችሁትን ሣሉ። የረሳችሁት ይቅር፤ አእምሮ ያስቀረው ይበቃል። አስለቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቹ ካፖርት ከፍ ብሎ ሲያዝ አይታችሁ ከሆነ እሱን ሣሉት። የክንዱን እጥፋት፣ ክርኑ ላይ የሳሳውን ጨርቅ፣ ከአንገቱ በታች የጎደለችውን አንዷን ቁልፍ በጥንቃቄ ሥሩ። የያዘውን ሰው እጅ ግን ተዉት። ልብሱ የባለቤቱን ቅርጽ እንደያዘ ይቁም። የሟቹን ፊት መሣል ከፈለጋችሁ ቤተሰቡን አስፈቅዱ፣ ካልፈቀዱም በቃ አይሣልም።

ስትጨርሱ ከሰሉ እንዳይለቅ ፊክሳቲቭ ንፉበት። ካጣችሁ የፀጉር ስፕሬይም ይሠራል፣ ግን ራቅ አድርጋችሁ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፤ ቅርብ ከሆነ ጉሙ በጠብታ ይበላሻል።