በአፈር እየሣሉ አፈርን ማወቅ፦ ሥዕልና አካባቢን አንድ ላይ እንዴት እናስተምር

"ሥዕልን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር አያይዛችሁ አስተምሩ" ሲባል ብዙ መምህር መጀመሪያ የሚመጣለት የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ብልጭልጭ ይለጠፍበታል፣ የአበባ ማስቀመጫ ተብሎ ለወላጆች ቀን ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ከዚያስ? ብዙም ሳይቆይ ገንዳ ውስጥ ይገባል። የሚያናድደው ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ቢቀመጥ ቆራሌው ደስ ብሎት ይወስደው ነበር። ቀለምና ሙጫ ከነካው በኋላ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ማለትም የሚሸጥ ዕቃ ወስደን ቆሻሻ አደረግነው፣ ልጆቹንም አካባቢ መጠበቅ ይሄ ነው አልናቸው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ዋናው ዕቃችሁ አፈር ይሁን። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግቢው ውስጥ አለ፣ ሥራው ሲያልቅም ወደ መጣበት ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለውን ያሰብኩት ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ነው፤ ለሌላው ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ተጠቀሙበት። የክወናና እይታ ጥበባትን እና የአካባቢ ሳይንስን ክፍለ ጊዜ ማጋጠም ከቻላችሁ 80 ደቂቃ ታገኛላችሁ። ካልሆነም በ40 ደቂቃ እየከፋፈላችሁ ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ "ሥራችን ካለቀ በኋላ የት ይገባል?" መልስ የሌለው ሥራ አይጀመርም። ልጆቹ ይህን ጥያቄ ቶሎ ይለምዱታል፣ ኋላ እናንተንም መልሰው ይጠይቋችኋል። ተዘጋጁ።

መጀመሪያ ግቢውን ዙሩ

ጥሩው ጊዜ መስከረም ነው። ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ውሃ የሄደበት መንገድ ይታያል። ክፍሉን በቡድን ክፈሉ። 60 ልጆች ካሏችሁ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ አሥር ቡድን ይወጣችኋል። ለያንዳንዱ ቡድን የግቢውን አንድ ጥግ ስጡት። ያ ጥግ ዓመቱን ሙሉ የነሱ ነው።

ልጆቹ እርሳስና ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ይዘው ይውጡ፤ ጀርባው ባዶ ነውና። የሚፈልጉትን ንገሯቸው፦ ሣር የያዘው የቱ ነው? የተራቆተው የቱ ነው? ሥሩ ከመሬት ወጥቶ የሚታይ ዛፍ አለ? ውሃው ከየት መጥቶ የት ይሄዳል? ቦዩ ውስጥ የተከማቸው ደለል ከየት መጣ? ከዚያ ያዩትን ይሣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገጥማችኋል። "የምታዩትን ሣሉ" ብትሏቸውም ግማሾቹ ሁለት ተራራ፣ በመሐላቸው ፀሐይ፣ ከሥር ጎጆ ቤት ይሥላሉ። ፊታቸው ያለው የቆርቆሮ አጥር ሆኖ ማለት ነው። አትቆጧቸው። ወረቀቱን ዛፉ ግንድ ላይ አስይዟቸውና በከሰል ይፈትጉት፤ የቅርፊቱ መልክ ይወጣል። ቅጠል ከወረቀቱ ሥር አድርገውም እንዲሁ። እጃቸው እውነተኛውን ነገር አንዴ ከነካ በኋላ ዓይናቸውም ይከተላል።

አፈሩን መሰብሰብና ማዘጋጀት

ከየቡድኑ ጥግ አንድ ኩባያ ያህል ይበቃል። ግን ተቆፍሮ አይወሰድም። ከተዳፋት ላይም፣ ከተክል ሥርም አይነካ። ዝናቡ አጥቦ ቦይ ውስጥ ያከማቸውን ደለል ይውሰዱ። ያኛው ወትሮም ከቦታው የሄደ ነው፣ ደግሞም ውሃው ስላጠራው ደቀቅ ያለ ነው። ከሽንት ቤት አጠገብ፣ ከጋራዥ አጠገብ፣ ቆሻሻ ከሚጣልበትና ጠርሙስ ከተሰበረበት ቦታ አይወሰድም፤ ቦታዎቹን ቀድማችሁ እናንተ እዩ።

ክረምቱን አገር ቤት የከረመ ልጅ ካለ በትንሽ ላስቲክ የዚያን አገር አፈር ያመጣ እንደሆነ ጠይቁ። ቀይ አፈር፣ ዋልካ፣ ግራጫ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ፤ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልጆቹ በጣም ነው የሚገረሙት። ብዙዎቹ አፈር ማለት ቡናማ ብቻ ይመስላቸዋል።

አፈሩን ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ በድንጋይ አድቅቁት፣ በወንፊት ወይም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ንፉት። ይህን ውጭ ሥሩት፤ ብናኙ ክፍል ውስጥ መከራ ነው። አስም ያለበትን ልጅ ሌላ ሥራ ስጡት።

አሁን ማጣበቂያው። አንድ ኩባያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይጓጉል በጥብጡ። ሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና እስኪወፍር አማስሉ። ዱቄቱ ለመብል የማይሆን፣ የነቀዘ ቢሆን ይመረጣል። እህል በመሬት ላይ ሲፈስ ማየት ለብዙ ቤተሰብ ነውር ነው፣ ልጆቹም ቤት ሄደው ያወራሉ። ተማሪ የሚመገብበት ትምህርት ቤት ከሆነ መጋቢ እናቶቹን አስቸግሩ፤ እሳቱም ማማሰያውም እዚያው አለ። ልጅ እሳት አጠገብ አይድረስ። ይህ ማጣበቂያ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም፣ ይሸታል። ለሚሠራበት ሳምንት ብቻ አዘጋጁ።

ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ማጣበቂያ፣ ከዚያ በውሃ እያቀጠኑ እንደ እንጀራ ሊጥ ሲሆን ቀለሙ ደረሰ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ትንሽ ደቃቅ አሸዋ ጨምሩበት። ከወላጆች መሐል ጭቃ ቤት ለስኖ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። እሱን ጋብዙት። ከኔም ከናንተም የተሻለ ያውቃል፣ ልጁም ያን ቀን ይኮራል።

ሌላ ቀለም ካስፈለገ ጥቁር ከከሰል፣ ቡናማ ከቡና አተላ፣ ቢጫ ከእርድ ይገኛል። የቀይ ሥር ቀለም ያምራል ግን ቶሎ ይደበዝዛል፣ እርድም ፀሐይ አይወድም። እርዱ ግን አንድ ጨዋታ አለው፦ በእርድ የተሣለ ወረቀት ላይ የሳሙና ውሃ ስታስነኩት ይቀላል፤ ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት ቢጫው ይመለሳል። ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከዚህ በላይ መግቢያ አይገኝም።

ብሩሽ አትግዙ። የመፋቂያ እንጨት ጫፉ ሲቀጠቀጥ ግሩም ብሩሽ ነው። የዶሮ ላባም ይሆናል።

ሁለቱ ጠርሙሶች

ለኔ የሁሉም ነገር እምብርት ይሄ ነው። ሌላውን ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ጎናቸውን በረጅሙ ክፈቱና አስተኟቸው። መቁረጡ የናንተ ሥራ ነው። በአንዱ ባዶ አፈር ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ሙሉ። በሌላው ከነሥሩ የተነሣ ሣር አስቀምጡ፤ መንገድ ላይ ሊመነጠር ከነበረው ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱንም ክዳናቸውን ከፍታችሁ ወንበር ላይ ዘንበል አድርጉ። ከአፋቸው ሥር ኩባያ አድርጉ። ከዚያ በሁለቱም ላይ እኩል ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።

አታብራሩ። ዝም በሉ። ከባዶው አፈር የሚወርደው ውሃ ድፍርስ ይሆናል፤ ከሣሩ የሚወርደው አነስ ያለና የጠራ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

አሁን ድፍርሱን ኩባያ አንሱና ብሩሽ ስጧቸው። ያ ውሃ ቀለም ነው! በሱ ይሣሉ። አንዴ ቀብተው ሲደርቅ እንደገና ይደርቡበት፤ እየጠቆረ ይሄዳል። ከሌላኛው ኩባያ የወጣውን ውሃም ይሞክሩት፤ ወረቀቱ ላይ እምብዛም ነገር አይቀርም። "ይሄኛው ለምን አይሥልም?" የሚል ልጅ ከተነሣ ትምህርቱ ገባ ማለት ነው። አፈሩ ስላልሄደ ነዋ።

ስለ አባይ የምታወሩት እዚህ ጋ ነው። ክረምት ሲገባ የሚደፈርሰው የደጋውን አፈር ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው። "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" የሚለውን ልጆቹ ከቤት ሰምተውት ይሆናል፤ ግንዱን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ይዞ እንደሚዞር አሁን በእጃቸው አይተዋል። ቀጥሎ የኮንሶን እርከን ፎቶ አሳዩ። በድንጋይ የተሠራው እርከን አፈሩን እዚያው ያቆመዋል፤ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ለሥዕል መምህር ደግሞ እርከን ማለት መስመር ነው። አንድ ኮረብታ በመስመር ብቻ እንዲሥሉ አድርጉ፤ ጠጋ ጠጋ ሲል ገደላማ፣ ራቅ ራቅ ሲል ለጥ ያለ እንደሚመስል ያያሉ። ይህን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው።

ጠርሙሶቹን ስትጨርሱ እጠቡና ለቆራሌው አስቀምጡ። ምንም አልተቀቡም።

የግቢው ካርታ

እያንዳንዱ ቡድን 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ይሰጠው። የራሱን ጥግ፣ ከራሱ ጥግ በመጣ አፈር ይሣል። ዛፍ፣ ቦይ፣ ሣር፣ የተራቆተ ቦታ፣ ሁሉም ይግባ። አሥሩ ካርቶን ሲገጣጠም ግቢው በገዛ አፈሩ የተሣለበት ካርታ ይሆናል። ጠርዝ ለጠርዝ መንገዱና ቦዩ እንዲገናኝ ጎረቤት ቡድኖች አስቀድመው መነጋገር አለባቸው። ጭቅጭቅ ይኖራል። ይኑር፤ ውሃው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እንደሚሄድ የሚረዱት በዚሁ ጭቅጭቅ ነው።

ካርቶን ካልወደዳችሁና ርእሰ መምህሩ ከፈቀዱ ዝናብ የማያገኘው ግድግዳ ላይም መሣል ይቻላል። መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ሞክሩ።

ስለ ላስቲክ አንድ ነገር ልበል። የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ ቆራሌው ስለማይወስደው ግቢው ውስጥ የተገኘውን ለቅማችሁ በካርታው ላይ ቆሻሻ ያለበትን ቦታ ለማሳየት ለጥፉት። ነገር ግን "ከቤት አምጡ" እንዳትሉ። ላስቲኩን ለማምጣት ብለው ብስኩት ይገዛሉ፣ እርግጠኛ ሁኑ። ለትልልቆቹ የኢትዮጵያዊውን የጥበብ ሰው የኤልያስ ስሜን ሥራ በፎቶ ማሳየት ጥሩ ነው፤ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ክፍሎች ገጣጥሞ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። ማየት ብቻ ግን። የተጣለ ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ እንደ እርሳስ (ሊድ) ያለ መርዛማ ብረት ስላለ ልጆች ይፍቱት የሚባል ነገር አይደለም።

ከካርታው ወደ ችግኙ

ካርታው ከተሰቀለ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ከጥጉ አንድ የተራቆተ ቦታ ይምረጥ። ድንጋይ መደርደር፣ ሣር መትከል፣ ቦዩን ማጽዳት፣ የሚችሉትን ያድርጉ።

ችግኝን በተመለከተ ነገሩ ወዲህ ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ በየክረምቱ ይተከላል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ትምህርት ዝግ ነው፣ ውሃም በሽ ነው። ችግኙ የሚጨነቀው ከጥቅምት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ነው። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ያሉት ደግሞ ልክ በዚያ ጊዜ ነው። እንግዲህ የነሱ ድርሻ መትከሉ ሳይሆን ማሳደጉ ነው።

ሥዕሉ እዚህ በጣም ያግዛል። ከተጠቀሙበት ወረቀት የተሰፋ ትንሽ ደብተር ይኑራቸው። በየወሩ ያንኑ ችግኝ፣ ከዚያው ቦታ ሆነው ይሣሉት። ቅጠሉን ይቁጠሩ፣ ቁመቱን በስንዝር ይለኩ። ለመሣል መሄድ አለባቸው፤ ከሄዱ ደግሞ አፈሩ መድረቁን ያያሉ። ብሩሽና እጅ የታጠቡበት የአፈር ውሃም ሳሙና ከሌለበት እዚያው ችግኙ ላይ ይደፋል።

ማርክ አሰጣጡን በተመለከተ፣ በሥዕሉ ማማር ብቻ አትስጡ፤ የየወሩ ሥዕል መኖሩንና ልጁ ያየውን ለውጥ መጻፉን ቁጠሩ። የደረቀ ችግኝ የገጠመው ቡድን ማርክ አይቀነስበትም። የደረቀውንም ይሣሉ፣ ለምን እንደደረቀ ከሥሩ ይጻፉ፤ ፍየል በልቶትም ከሆነ ፍየሏም ትሣል።