ክሩ ተበጠሰ ወይስ ተፈታ? ሐይቅ ወርደን ለምናጠምድ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ዓሣ ያመለጠው ሰው መጀመሪያ የሚረግመው ክሩን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጅዳ ያለ ዘመዴ ማጠንጠኛ፣ ዘንጉ ላይ የሚታሰረውን የክር መጠቅለያ፣ ከነክሩ ላከልኝ። ክሩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ስስ፣ በእጅ ቢጎትቱት የማይበጠስ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት መንጠቆ ውሃ ውስጥ አስቀርቼ ወደ ደሴ ተመለስኩ። "ይሄ የባሕር ክር ለእኛ አይሆንም" ብዬም መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ክሩ ግን ምንም አልሆነም ነበር፤ ጥፋቱ የቋጠሮዬ ነው።

ከዚህ በታች "ናይለን" ስል በየሱቁ የሚሸጠውን፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ወጥ ክር ማለቴ ነው። "ጉንጉን" ስል ደግሞ ከቀጫጭን የፖሊኤትሊን ቃጫዎች የተጎነጎነውን። የማወራው ደሴ አቅራቢያ ባለው ሐይቅ ላይ ከዳር ቆሞ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች ስለሚያጠምድ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የክሩን ጫፍ እዩ

ዓሣው ካመለጠ በኋላ የቀረውን ጫፍ ሳታዩ ምንም አትወስኑ። ጫፉ እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ ከመጣ ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈቷል። ተንጨፍሮ ከመጣ ድንጋይ ሞርዶታል። ናይለኑ ቀጥኖና ነጥቶ ከመጣ ከአቅሙ በላይ ተስቧል። መንጠቆው በሰላም ተመልሶ የጠፋው ዓሣው ብቻ ከሆነ ግን የክሩን ጥንካሬ ተዉትና መለጠጡን ጠርጥሩ።

"ቡሹ ሰመጠ፣ ሳብኩ፣ ባዶ ነው"

ናይለን እንደየዓይነቱ ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊለጠጥ ይችላል። 10 ሜትር ላይ ይህ አይታወቅም። 40 ሜትር ወርውራችሁ፣ ነፋስ ክሩን ውሃው ላይ እንደ ደጋን አጉብጦት፣ ዘንጉን ቀጭ ስታደርጉ ግን ጉልበታችሁን የሚበላው ክሩ ነው፤ መንጠቆው ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ለቆሮሶ ይበቃ ይሆናል። የአምባዛ ጭንቅላትና አፍ ግን አጥንት ነው፤ መንጠቆ በዋዛ አይገባውም።

መፍትሄው ክር ከመቀየር በፊት ይጀምራል። የላላውን ክር ጠቅልሉና ክብደት ሲሰማችሁ ዘንጉን ወደ ጎን ረዘም አድርጋችሁ ሳቡት። ሁልጊዜ ከሩቅ፣ ሁልጊዜ አምባዛ የምታጠምዱ ከሆነ ጉንጉን ግዙ። የሚለጠጠው በጣም ጥቂት ነው፤ ከወዲያ ጫፍ ትሉን ሲነካካው እንኳ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል።

"ያዝኩት፣ እየመጣ ነበር፣ ከንፈሩ ተቀደደ"

ይሄ የጉንጉን ተገላቢጦሽ ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ፣ የከንፈሩ ዳር ስስ ነው። ዳርቻው ሲደርስ ጭንቅላቱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ የማይለጠጥ ክር ያንን ሁሉ መንጠቆው ቀዳዳ ላይ ያሳርፈዋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። የማጠንጠኛውን ፍሬን፣ ዓሣው ሲስብ ክሩን የሚይዘውን፣ አላሉት። ከጉንጉኑ ጫፍ ላይም ሁለት ሜትር ያህል የናይለን ጅራት ቀጥሉ። እውነቱን ለመናገር ለቆሮሶ ብቻ ከሆነ ጉንጉን አያስፈልጋችሁም። 0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ትል፤ በቃ።

(ቆሮሶ ራሱ ለሐይቅ እንግዳ ነው፤ የተጨመረው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ በጾም ወቅት ሐይቅ ዳር ተጠብሶ ሲቀርብ ይህን የሚያስታውስ የለም።)

"ቋጠሮው በራሱ ይፈታል"

የሦስቱ መንጠቆዎቼ ታሪክ ይሄ ነው። ለናይለን የለመድነው፣ ክሩን በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዞ ማሾለክ፣ ጉንጉን ላይ ይንሸራተታል። ፖሊኤትሊን ቅባት የተቀባ ያህል ልሙጥ ነው፤ ናይለን ግን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይነካከሳል።

ለጉንጉን ፓሎማር የሚባለውን ቋጠሮ ልመዱ። ክሩን አጥፋችሁ ድርቡን በመንጠቆው ዓይን አሳልፉ። በድርቡ አንድ ተራ ቋጠሮ ቋጥሩ፣ ግን አታጥብቁት። መንጠቆውን ራሱን በተረፈው ቀለበት ውስጥ አሾልኩት። በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ማርጠቡን አትናቁ፤ በደረቁ የጠበቀ ቋጠሮ በፍትጊያ ይሞቃል፣ በተለይ ናይለን እዚያው ላይ ይዳከማል።

ናይለኑን ከጉንጉኑ ጋር ለማያያዝ ድርብ ዩኒ የሚባለው ቋጠሮ ይሻላል። ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አስተኙ። እያንዳንዱ ጫፍ ቀለበት ሠርቶ በቀለበቱ ውስጥ ሌላውን ክር ይጠመጥማል፤ ናይለኑ አምስት ጊዜ፣ ጉንጉኑ ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ። ሁለቱን ቋጠሮዎች አርጥባችሁ እስኪገናኙ ሳቧቸው። ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ቡና እየተፈላ፣ ሃያ ጊዜ ሞክሩት። ሐይቅ ዳር በነፋስ ልማር ያለ ሰው ቀኑን ሲቋጥር ይውላል።

"ማጠንጠኛውን አዞራለሁ፣ ዓሣው አይመጣም"

ፍሬኑ ተበላሸ ብላችሁ ልትፈቱት ትቸኩላላችሁ። ቆዩ። ጉንጉን በቀጥታ ልሙጥ ብረት ላይ ከተጠመጠመ ክሩ በሙሉ እንደ ቀለበት እዚያው ላይ ይሽከረከራል። ሁሉንም አውጡና ከሥር ከ5 እስከ 10 ሜትር ናይለን ጠምጥሙ፣ ጉንጉኑን በእሱ ላይ ቀጥሉ። ክርም ይቆጥባል።

"ስወረውር ይጠላለፋል"

ናይለን ከሆነ፣ ለወራት ተጠቅልሎ ስለተቀመጠ የጥቅሉን ቅርጽ ይዟል። 30 ሜትር ያህል አውጥታችሁ አንድ ሰው ጫፉን ይያዝላችሁና ለስለስ አድርጋችሁ ለጥጡት። ጉንጉን ከሆነ ላልቶ ነው የተጠቀለለው። በእርጥብ ጨርቅ ቆንጠጥ አድርጋችሁ በውጥረት መልሳችሁ ጠምጥሙት። በየትኛውም ክር ማጠንጠኛውን እስከ አፉ አትሙሉ፤ ከጠርዙ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይጉደል።

"አዲስ የገዛሁት ናይለን እንደ ሸረሪት ድር ይበጠሳል"

ፀሐይ ናይለንን ትበላዋለች። ሱቁ ደጃፍ ላይ ከርሞ የቆየ ጥቅል "10 ኪሎ ይችላል" ተብሎ ቢጻፍበትም አትመኑት። ከመክፈላችሁ በፊት ክንድ የሚያህል አስወጥታችሁ መሀሉ ላይ ቋጥሩና በድንገት ንጠቁት። ናይለን ውሃ ስለሚጠጣም እርጥቡ ከደረቁ ይደክማል።

"ድንጋይ ሲነካ ተቆረጠ"

ጉንጉን ሲጎተት ብርቱ ነው፣ ሲፋቅ ግን ደካማ፤ ቃጫዎቹ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ። በሳርና በፊላ መሀል ከሆነ ጉንጉን ይሻላል፣ ሳሩን እየሰነጠቀ ይወጣል። ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ናይለን፣ ወይም ረዘም ያለ የናይለን ጅራት። ለአምባዛ ጅራቱን 0.45 ወይም 0.50 አድርጉት፤ አፉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች እንደ ሞረድ ናቸው።

"ቪዲዮ ላይ ሁሉም ጉንጉን ነው የሚጠቀመው"

ያ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ስቲልሄድ የሚያጠምዱ አሜሪካውያን ነው። ስቲልሄድ ባሕር ወርዶ፣ አድጎ፣ ለመራባት ወደ ወንዙ የሚመለስ የቀስተ ደመና ትራውት ነው፤ ባሕር የማይወርደው ወንድሙ ባሌ ወንዞች ውስጥ አለ። በሚሮጥ ወንዝ ላይ ቡሽ እያንሳፈፉ ሲያጠምዱ ጉንጉን ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ክሩን ማንሳት ይቀልላቸዋል፤ ናይለን ቀስ እያለ ይሰምጣል። እነሱም ቢሆኑ ጫፉ ላይ የናይለን ወይም የፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ክር) ጅራት ይቀጥላሉ፣ ዓሣው ክሩን እንዳያየው። በረዶ ሲሆን ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ናይለን ይመለሳሉ፤ ጉንጉን ውሃ ይዞ የዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይጋገራል። የደሴ ብርድ የታወቀ ነው፣ ሐይቅ ግን እስካሁን አልጋገረብንም።

"ጣቴን ቆረጠኝ"

ዘንግ የሌለው፣ ክሩን ሃይላንድ ላይ ጠምጥሞ በእጁ የሚወረውር ብዙ ነው፤ እኔም የጀመርኩት በሃይላንድ ነው። ለእጅ ማጥመጃ ጉንጉን ፈጽሞ አትጠቀሙ። አምባዛ አንዴ ወደ ታች ሲስብ ያ ስስ ክር ሥጋ ውስጥ ይገባል። 0.50 ወይም ከዚያ የወፈረ ናይለን ያዙ፣ መዳፋችሁ ላይ ሳይሆን ሃይላንዱ ላይ ጠምጥሙት። መንጠቆ ሥር ተይዞ እንቢ ሲልም ክሩን እንጨት ላይ ጠምጥማችሁ በእንጨቱ ሳቡ። የተቆረጠውን ትርፍ ክር ኪሳችሁ ክተቱት፤ ዳር ላይ የተጣለ ናይለን የወፍ እግር ያስራል።