ኳሷ በጣም ራቀች፦ ሜዳው ይክበድ ወይስ ዱላው ይገደብ?

ፋሲል ከነማ ጨዋታ ባልነበረው ቀን፣ ፒያሳ ካለ አንድ ቡና ቤት ቴሌቪዥኑ ጎልፍ ላይ ቀረ። ተጫዋቾቹ ኳሷን ከልክ በላይ እያራቋት ነው ተባለ። አንዱ «ኳስና ዱላቸውን ይገድቡባቸው» አለ። ሌላው «የለም፣ ሜዳውን ማክበድ ነው» አለ። ድምፅ ከፍ ከፍ ሲል፣ ጥግ የተቀመጡት ጋሼ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው አበረዱን። ሩር ሲለጉ ያደጉ ሰው ናቸው። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን እንደ ሕመም መረመርኩት። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ምልክቱ

በ1980 በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር (የባለሙያ ጎልፈኞች ተከታታይ ውድድር) የመጀመሪያው ረጅም ምት በአማካይ 235 ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር። በ2023 ወደ 274 ሜትር ደረሰ። ድሮ ሲያስጨንቅ የነበረ ቀዳዳ (ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ ያለው የሜዳ ክፍል) ዛሬ በአጭር፣ ለቅርብ ምት በሚሆን ዱላ ያልቃል።

ምክንያቱ

የድራይቨሩ፣ ማለት ኳሷን አርቆ የሚመታው ዱላ፣ ራስ ከእንጨት ወደ ብረት፣ ከዚያ ወደ ቲታኒየም ዞረና ተለቀ። ሕጉ 460 ሴንቲሜትር ኩብ ላይ ገታው። ጠንካራ እምብርት ያላት ኳስ ደግሞ በክር የተጠመጠመችውን አሮጌዋን ከውድድር አስወጣቻት። ተጫዋቾቹም ጂም ገቡ፤ ይሄንን መቼም በሕግ አያግዱም። (እንደ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቢጫወቱማ አየሩ ስስ ነው፣ ኳሷ ከዚህም ትብሳለች።)

የተሞከረው መድኃኒት

ሜዳ ማስረዘም። የአሜሪካው ታዋቂ የጎልፍ ክለብ ኦገስታ ከጎረቤት ክለብ መሬት ገዝቶ፣ በ2023 13ኛውን ቀዳዳ በ32 ሜትር አራዘመው። ገንዘብ ላለው ጥሩ ነው። ሌላው መሬቱን ከየት ያመጣል? ውሃውስ?

ሣር ማሳደግ። ይሄኛው ያታልላል። በ2020 ዊንግድ ፉት በተባለው ሜዳ በተደረገው ዩኤስ ኦፕን (ከጎልፍ ትልልቅ ውድድሮች አንዱ) ከመንገዱ ዳርና ዳር ያለው ሣር ጥቅጥቅ ያለ ነበር። አሜሪካዊው ብራይሰን ዲሻምቦ በመጀመሪያ ምቱ ከ56 ፌርዌይ (ሣሩ የተከረከመ መንገድ) 23ቱን ብቻ አግኝቶ፣ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) በ6 ምት በታች ጨርሶ አሸነፈ። ከፓር በታች የጨረሰ ሌላ ሰው አልነበረም። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሁሉም ሣር ውስጥ ከገባ፣ ለግሪኑ፣ ጉድጓዱ ላለበት ለስላሳ ሣር፣ የቀረበው ይጠቀማል። ረጅም መቺን ለመቅጣት ያሳደጉት ሣር ራሱን ረጅም መቺውን ጠቀመ።

እኔ የምለው

መጀመሪያ ኳሷ። ሕግ አውጪዎቹ ዩኤስጂኤ እና አር ኤንድ ኤ በ2023 መጨረሻ ያስታወቁት ዘዴ ደስ ይለኛል። እስካሁን በቆየው የኳስ ፍተሻ ላይ ዱላው በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር ሲወነጨፍ ኳሷ ከ290 ሜትር ገደማ ማለፍ የለባትም። በአዲሱ ዘዴ የርቀቱ ጣሪያ ሳይነካ የዱላው ፍጥነት ወደ 201 ከፍ ይላል፤ ማለት ኳሷ በበለጠ ፍጥነት ተመትታም ያንኑ ርቀት ማለፍ የለባትም። በነሱ ግምት ረጃጅም መቺዎች እስከ 14 ሜትር ያጣሉ። የሰፈር ተጫዋች ብዙም አይጎዳም።

ቀጥሎ ሜዳው ይክበድ፤ ግን ሳይረዝም። አጭር ሜዳም ይከብዳል። በ2013 ዩኤስ ኦፕን የተካሄደበት የሜሪየን ሜዳ ርዝመቱ 6.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፣ ለዘመኑ አጭር። አሸናፊው ጀስቲን ሮዝ ከፓር በ1 ምት በላይ ነው የጨረሰው!

በማግስቱ ይሄን ስነግራቸው ጋሼ «ልጆቹ ጡንቻ አውጥተው ያችን 14 ሜትር ቢመልሷትስ?» አሉኝ።

ያኔ የፍተሻው ፍጥነት እንደገና ከፍ ይላላ፣ ጋሼ።